የአይ.ቪ.ኤፍ መርፌ በቤት፦ ማን ይውጋ፣ የት ይወጋ፣ በስንት ሰዓት

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። የሚቀጥለው የወር አበባዬ ሲመጣ አዲስ አበባ ሄጄ አይ.ቪ.ኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጪ የሚገናኙበት የመካንነት ሕክምና) እጀምራለሁ። ሐኪሜ በየማታው 225 ዩኒት ሜኖፑር፣ ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ ሴትሮታይድ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንድ ኦቪትሬል አዘውልኛል። መድኃኒቱን እህቴ ከዱባይ አምጥታልኛለች። ሰፈራችን ያለች ነርስ «የሆርሞን መርፌ ሆድ ላይ አይወጋም፣ በቂጥ ነው» ትላለች። ባለቤቴ ቪዲዮ አይቶ «እኔው እወጋሻለሁ» ይላል፤ የኢንሱሊን ስሪንጅ ገዝቶ መጥቶ «አንዱ መቶ ዩኒት ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለት ከሩብ ነው የሚያስፈልግሽ» ብሎኛል። መብራት ደግሞ በየጊዜው ይጠፋል። ቤት መወጋቱ ያሰጋል? ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ቤት ተከራይቼ ልቀመጥ? ደግሞስ ይህ ሁሉ መርፌ እንቁላሌን አይጨርስብኝም?

ምላሽ፦ በመጀመሪያ ባለቤትዎ የኢንሱሊን ስሪንጁን ያስቀምጡት። ከጻፉልኝ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው፤ የሆዱም የመብራቱም ጉዳይ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

«ዩኒት» እንደ ኪሎና እንደ ሊትር ለሁሉም ነገር አንድ አይደለም። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የሚለካበት ስለሆነ የኢንሱሊን ዩኒትና የሜኖፑር ዩኒት ስማቸው ይገጥም እንጂ ዝምድና የላቸውም። የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ እስከ 100 የተሰመረው መስመር በአንድ ሲሲ ውስጥ 100 ዩኒት ለያዘ ኢንሱሊን ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላ ፈሳሽ ሲገባበት እያንዳንዷ መስመር የአንድ ሲሲ መቶኛ መሆኗን እንጂ ሌላ ምንም አትነግረንም።

እስቲ የባለቤትዎን ስሌት በመድኃኒቱ ላይ እንሞክረው። ሜኖፑር ዱቄት ብዙ ጊዜ በሁለት ዓይነት ካርቶን ይመጣል። አንደኛው በየብልቃጡ 75 ዩኒት ዱቄት ያለበት ነው፤ 225 ማለት እንግዲህ ሦስት ብልቃጥ ነው። ሦስቱም በአንድ ሲሲ ማሟሟያ ይበጠበጡና ያ አንድ ሲሲ በሙሉ ይወጋል፤ አለቀ። በዚያው ልክ የበጠበጠ ሰው ሁለት ከሩብ ስሪንጅ ልሙላ ካለ ወደ ሰባት የሚጠጋ ብልቃጥ ይጨርሳል። አንዱን ብልቃጥ ለብቻው በአንድ ሲሲ የሚበጠብጥ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ከታዘዘው በታች፣ 170 ዩኒት እንኳ የማይሞላ ይወጋል። ሁለተኛው ካርቶን በአንድ ብልቃጥ 600 ወይም 1200 ዩኒት የያዘው ነው። እሱ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሲሲ ውስጥ 600 ዩኒት ይኖረዋል። እዚህ ላይ ሁለት ከሩብ ስሪንጅ 1350 ዩኒት ይሆናል፤ የታዘዘልዎት ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ለዚህኛው ካርቶን ፋብሪካው በሜኖፑሩ በራሱ ዩኒት የተሰመረ ስሪንጅ አብሮ ያስቀምጣል፤ በሌላ አይለኩት።

ስለዚህ ዛሬውኑ ካርቶኑን አውጥተው 75 ነው ወይስ 600 ወይም 1200 የሚለውን ያንብቡና ለክሊኒኩ ፎቶ ይላኩ። ሐኪምዎ 225 ብለው ሲጽፉ የትኛው ካርቶን እጅዎ እንደሚገባ አያውቁም ነበር።

ወደ መወጊያው ቦታ ስንመጣ፣ ነርሷ ከመሬት ተነሥታ አይደለም የተናገረችው። የቀድሞዎቹ የመካንነት መርፌዎች አብዛኞቹ በጡንቻ የሚሰጡ ነበሩ፤ ሜኖፑርም ራሱ በጡንቻም ከቆዳ ሥርም እንዲሰጥ የተፈቀደ ነው። ሴትሮታይድና ኦቪትሬል ግን የሚወጉት ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ነው። ሜኖፑሩም እዚያው ይሁን። መርፌው ቀጭንና አጭር ነው፣ ቦታው ለራስዎ ዓይን ይታያል፣ ወደ እግር የሚወርደው ትልቁ ነርቭም በአካባቢው የለም። «በቂጥ ሲሆን ኃይል አለው» የሚባለው እውነት አይደለም፤ መድኃኒቱ እንቁላሎቹ ወዳሉበት ወደ ኦቫሪ የሚደርሰው በደም ዞሮ ነው፣ ከስብም ከጡንቻም ተመጦ ደም ውስጥ ይገባል። «ሆድ ላይ ከተወጋ እንቁላሉን ይነካል» የሚሉም አሉ። መርፌው 12 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስቡ ውስጥ ይቀራል እንጂ ኦቫሪዎ ያሉበት አይደርስም።

አወጋጉን ክሊኒክ ሳሉ በእጅዎ እየሠሩ መማር አለብዎት፤ ጽሑፍ አይተካውም። ቢሆንም የት የት ላይ እንደሚሳሳቱ ስለማውቅ ልንገርዎ። ጠረጴዛውን ጠርገው፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበው በንጹሕ ፎጣ ያድርቁ። በርበሬ ሲቀነጥሱ ወይም ቃሪያ ሲከትፉ የቆዩበት እጅ ከሆነ ደጋግመው ይታጠቡ፤ አንዷን ታካሚዬን የቆዳ አለርጂ ነው ብለን መድኃኒቱን ልንቀይርላት ከጫፍ ደርሰን ነበር። ማሟሟያው በአምፑል ከሆነ አንገቱን በጥጥ ይዘው ይስበሩት፤ ጣት የሚቆርጠው መርፌው ሳይሆን ይህ መስታወት ነው። አንድ ሲሲውን በወፍራሙ መርፌ፣ ማለትም መያዣው አረንጓዴ በሆነው 21 ቁጥር፣ ይቅዱና የመጀመሪያው ብልቃጥ ውስጥ በዝግታ ይልቀቁት። ብልቃጡን በመዳፍዎ መካከል ያንከባልሉት እንጂ አይነቅንቁት፤ ከተነቀነቀ አረፋ ይሞላና መድኃኒቱን አሟጦ መቅዳት ያስቸግራል። ሲሟሟ እንደ ውሃ የጠራ መሆን አለበት። ያንኑ ፈሳሽ ቀድተው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያሸጋግሩት። ከዚያ መርፌውን ይለውጡ። ጎማ የበሳው መርፌ ዶልዱሟል፤ በሱ መወጋት ያለ ምክንያት መታመም ነው። ለመወጊያው መያዣው ግራጫ የሆነውን 27 ቁጥር ይጠቀሙ።

ከእምብርትዎ ሦስት ጣት ያህል ራቅ ብለው፣ አንድ ቀን በቀኝ አንድ ቀን በግራ፣ ቆዳውን በአልኮል ይጥረጉና እስኪደርቅ ይታገሡ። ሜኖፑር በተፈጥሮው ትንሽ ያቃጥላል፤ እርጥብ አልኮል ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው መርፌውን ቀጥ አድርገው እስከ ሥሩ ያስገቡ፤ በጣም ቀጭን ከሆኑ ጋደም ያድርጉት። ቀስ ብለው ገፍተው እስከ አሥር ይቁጠሩና ያውጡት። በጥጥ ጫን ይበሉት እንጂ አይሹት። ከስሪንጁ ያልወጣች አንዲት አረፋ አብራ ብትገባ አትገድልም፤ ይህ በደም ሥር ከሚሰጥ መድኃኒት ጋር የተምታታ ፍርሃት ነው። አንድ ጠብታ ደም ወይም በማግስቱ ሳንቲም የምታህል ብልዝ ብታዩም አትደንግጡ። ቀይ ሆኖ እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚሞቅና መግል የሚቋጥር ከሆነ ግን ይታዩ።

ማን ይውጋ? እርስዎ ራስዎ። ባለቤትዎን ስለማላምናቸው አይደለም። ነርሷ ለቅሶ ልትሄድ ትችላለች፣ ባለቤትዎ ከሥራ ሊያመሹ ይችላሉ፤ ሆድዎ ግን ሁልጊዜ አብሮዎት ነው። ለባለቤትዎ የሚሰጠው ሥራ ሌላ ነው፦ የክሊኒኩን ወረቀት ይዘው ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ብልቃጥ ይቁጠሩ፣ ያለቀውን ምልክት ያድርጉበት። አንዱ ሲወጋ ሌላው ሲያነብ ስሕተት በጣም ይቀንሳል። የራሴን መርፌ መውጋት በፍጹም አልችልም ካሉ ባለቤትዎ ይውጉ፤ ግን እሳቸውም ክሊኒክ መጥተው ይማሩ። በነገራችን ላይ ጎረቤት ስሪንጅና ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ብልቃጥ አይቶ «ስኳር ያዛት» ብሎ ያስወራባቸው ሴቶች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ አላስተባበሉም፤ ከእውነቱ ይልቅ ወሬው ቀለላቸው።

ስለ መብራቱ ያሳሰበዎትን ያህል አያስቡ። 75 ዩኒቱ የሜኖፑር ዱቄት ፍሪጅ የግድ አይልም፤ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ፣ ከብርሃን ተሸፍኖ መቀመጥ ይችላል። ሴትሮታይድ በፍሪጅ ነው የሚቀመጠው፤ ሆኖም ከነካርቶኑ ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ኦቪትሬልም ከ25 ዲግሪ ካላለፈ ከፍሪጅ ውጪ እስከ 30 ቀን ይታገሣል። ስለዚህ ለጥቂት ሰዓት መብራት ጠፋ ብሎ መድኃኒት የሚጥል ሰው ገንዘቡን ነው የጣለው። ሐዋሳ በበጋ ቀትር ላይ ከ25 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሜኖፑሩንም ጨምረው ፍሪጅ በር ላይ ያስቀምጡ፤ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን እየከፈቱ አይዩ። የስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊናቸውን የሚያቆዩበት እርጥብ የሸክላ ዕቃም ለክፉ ቀን ጥሩ መላ ነው። ከሙቀቱ ይልቅ እኔ የምፈራው በረዶውን ነው። መድኃኒት እንዳይበላሽ ብሎ ፍሪዘር ውስጥ ወይም ከፍሪጁ የኋላ ግድግዳ ጋር አጣብቆ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በረዶ መሆን የለባቸውም፤ ኦቪትሬል አንዴ ከረጋ ቢቀልጥም አይጠቀሙበት።

እህትዎን ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ነው የመጣው ወይስ ከታች በተጫነው? ዱባይ ውስጥስ መኪና ውስጥ ቆይቶ ነበር? እዚያ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ በሙቀት የደከመ ሆርሞን ደግሞ መልኩ አይለወጥም፣ ስድስተኛው ቀን ላይ እንቁላሎቹ አላደጉም ሲባል ነው የሚታወቀው። የተገዛው ከፋርማሲ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ ይዘው ይምጡ። ታሪኩ የማይታወቅ መድኃኒት ከሆነ ለክሊኒኩ በግልጽ ይንገሩ። የሌላ ሰው ትርፍ ብልቃጥ በቴሌግራም መግዛትንም አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ርካሽ የሚሆነው እስከ ስድስተኛው ቀን ድረስ ብቻ ነው።

ሴትሮታይድ ምን እንደሚሠራ ሳይነግሯቸው የሚወጉ ሴቶች ብዙ ስለሆኑ ላስረዳ። ሜኖፑር እንቁላሎቹን ያሳድጋል። እንቁላሎቹ ሲያድጉ አንጎል «ደርሰዋል» ብሎ ሊለቃቸው ይፈልጋል፤ ሴትሮታይድ ያንን ትእዛዝ ይዘጋል። በየ24 ሰዓቱ መወሰድ ያለበት ለዚህ ነው። ሰዓት ሁለት ሰዓት ቢያልፍ ይወጋል፤ ቀኑን ሙሉ ከተዘለለ ግን እንቁላሎቹ ሳንደርስባቸው ሊያመልጡ ይችላሉ፣ ወዲያው ስልክ ይደወል። ሜኖፑር በረሱ ጊዜም ደንቡ አንድ ነው፦ ይደውሉ፤ በማግስቱ እጥፍ አድርገው አይውጉ። ሴትሮታይድ በተወጋበት ቦታ ላይ መቅላትና ማሳከክ የተለመደ ሲሆን በራሱ ይጠፋል። አልፎ አልፎ ግን መላ ሰውነትን የሚይዝ አለርጂ ስለሚያስነሣ የመጀመሪያው መርፌ ሐኪም ባለበት እንዲሰጥ አምራቹ ራሱ ያዝዛል። የሜኖፑርም የመጀመሪያው መርፌ እንዲሁ በባለሙያ ፊት ነው የሚሰጠው። ይህን ልብ ይበሉ፤ የት ይቀመጡ የሚለውን ጥያቄዎን የሚፈታው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ኦቪትሬል እንቁላሎቹን የሚያበስለው የመጨረሻው መርፌ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ «ትሪገር» ሲሉት ይሰማሉ። ከተወጋ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላሎቹን ክሊኒክ ውስጥ እናወጣቸዋለን። ቀድመን ከገባን ጥሬ ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ከዘገየን ፎሊክሎቹ፣ ማለትም እንቁላሎቹ የሚያድጉባቸው ከረጢቶች፣ ፈንድተው ባዶ ሆነው ይጠብቁናል። ሌላው መርፌ ሁሉ ሰዓት ቢዛነፍ ይቅር ይላል፤ ይህኛው አይልም።

የኛ አገር ታካሚ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባት። የክሊኒኩ ኮምፒውተር የሚያትመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኛ ግን በሐበሻ ሰዓት ነው የምንኖረው። አንድ ባልና ሚስት ወረቀታቸው ላይ በፈረንጅ የማታ 10 ሰዓት፣ ማለትም በሐበሻ ማታ 4 ሰዓት፣ ተጽፎላቸው ነበር። ጠንቃቆች ስለነበሩ ስልካቸውን ሞልተው ተኙና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ተነሥተው ወጉ። ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። እንቁላሉ በሚወጣበት ጠዋት ነርሷ እንደ ወትሮዋ «ስንት ሰዓት ተወጋሽ?» ስትል ባልየው በኩራት «ልክ 10 ሰዓት» አለ። «ማታ ነው ሌሊት?» ብላ ባትደግም ኖሮ በ30ኛው ሰዓት ገብተን ጥሬ እንቁላል እናወጣ ነበር። ቀጠሮው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተገፋና ዳነ። ጥፋቱ የነሱ አልነበረም፤ ወረቀቱን አትሞ የሰጠው ክሊኒክ ነው።

የሌሊት ሰዓት ሌላም ጣጣ አለው። በኛ አቆጣጠር ቀኑ የሚጀምረው ሲነጋ ስለሆነ «ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት» የሚል ሰው ስልኩ ላይ ሐሙስ 1:00 ማለቱ ነው፤ ሰሚው ግን የማክሰኞን ሌሊት ሊረዳ ይችላል። እናቶቻችን «ለሐሙስ አጥቢያ» የሚሉት ይህን ለመለየት ነውና እርስዎም ይጠቀሙበት። የትሪገሩ ሰዓት ሲነገርዎ በእጅዎ እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ በፈረንጅ 21:00»። ከዚያ ለነገረችዎ ነርስ መልሰው ያንብቡላት።

ማረጋገጫም አለው። 36 ሰዓት ሦስት ጊዜ 12 ስለሆነ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ማታው ብቻ ጠዋት ይሆናል። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት የተወጋ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው የሚወጣው። ሁለቱን ቀጠሮዎች አስተያዩ፤ ክሊኒኮች ግማሽ ሰዓት ወዲህ ወዲያ ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ከዚያ ያለፈ ልዩነት ካያችሁ ግን ሳትወጉ ደውሉ። ኦቪትሬሉ ፔን (እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ) ከሆነ መስኮቱ ላይ 250 እስኪታይ ያዙሩት፣ ወግተው ሲጨርሱ 0 መመለሱን ይዩ። ሌላ ቁጥር ከቆመ ያ ቁጥር ያልገባው መድኃኒት ነው። ተሳስተው ከሆነ ደግሞ አይደብቁ። ቀጠሮ ይገፋል፤ የተደበቀ ሰዓት ግን አይታረምም።

እስካሁን ያነሣሁት መድኃኒቱ እንዳይባክን ነው። ሕይወት የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ኦቫሪ ከልክ በላይ ምላሽ ሲሰጥ የሚመጣው እብጠት። ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ ሆድ ውስጥ፣ ሲብስ ሳንባ ዙሪያ ይጠራቀማል። በተለይ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ (ኦቫሪ ላይ ብዙ ትንንሽ ከረጢት የሚታይበት የሆርሞን ችግር) ላለባቸው፣ ለወጣቶችና ለቀጫጭኖች፣ ብዙ ፎሊክል ለታየባቸውም ያሰጋል። ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከትሪገሩ በኋላ ስለሆነ ሐኪሞች ፎሊክሎቹ ሲበዙ ኦቪትሬልን በሌላ መርፌ ይቀይራሉ፣ ፅንሱንም በዚያ ዙር ወደ ማሕፀን ሳይመልሱ አቀዝቅዘው ያቆዩታል። ይህን ውሳኔ ከሰሙ «ገንዘብ ለማስከፈል ነው» ብለው አይጠርጥሩ። ትንሽ መነፋት የሁሉም ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመሩ፣ ሽንትዎ ከቀነሰና ከጠቆረ፣ ማስመለሱ ውሃ ካስከለከለ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠና ካመመዎ እስኪነጋ አይጠብቁ። ሐዋሳ ካሉ ሐዋሳ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የሕክምና ወረቀትዎን ያሳዩ፣ «የአይ.ቪ.ኤፍ መርፌ ላይ ነኝ» ብለው ይጀምሩ። ድንገተኛ የአንድ ወገን ከባድ የሆድ ሕመምም እንዲሁ፤ ያበጠ ኦቫሪ ሊጠማዘዝ ይችላል። ለዚህም ነው ከአምስተኛው ቀን በኋላ ጄሪካን ውሃ መሸከምና መሮጥ የምንከለክለው።

ያለ አልትራሳውንድ ክትትል እነዚህን መርፌዎች የሚሰጥ ሰው፣ ሐኪምም ይሁን ነርስ፣ አይቀበሉት። መጠኑ የሚስተካከለው በየጥቂት ቀኑ ፎሊክሎቹ እየተለኩ ነው፤ 225 መነሻ እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

እንቁላሌን ይጨርሳል ወይ ላሉት፦ አይጨርስም። በየወሩ ብዙ ፎሊክሎች አብረው ይነሣሉ፤ አንዱ ይቀድምና የቀሩት ይሞታሉ። መርፌው የሚያደርገው በዚያ ወር ሊሞቱ የነበሩትን ማትረፍ ነው። የሚቀጥለው ዓመት እንቁላልዎ ላይ አይደርስም፣ ማረጥንም አያፋጥንም።

እንግዲህ የት ይቀመጡ? ሁለት ሳምንት ሙሉ መከራየት አያስፈልግም፤ እስከ መጨረሻው ሐዋሳ መቆየትንም አልመክርም። የወር አበባዎ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ለመጀመሪያው አልትራሳውንድ ይመጣሉ፤ የመጀመሪያውን ሜኖፑር እዚያው ነርስ እያየችዎ ራስዎ ይውጉ። በማግስቱ ወደ ቤትዎ ይመለሱና እስከ አምስተኛው መርፌ ሐዋሳ ይውሰዱ። በስድስተኛው ቀን ለአልትራሳውንድና ለመጀመሪያው ሴትሮታይድ አዲስ አበባ ይግቡ፣ እንቁላሉ እስኪወጣም እዚያው ይቆዩ። ዘመድ ቤትም ቢሆን ይበቃል። ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ በተነፋ ሆድ መመላለስ፣ በዚያ ላይ ትሪገሩን መንገድ ላይ መውጋት የሚባል ነገር አይኑር። ሲጓዙ መድኃኒቱን ከበረዶው ጋር ሳያነካኩ በጨርቅ ጠቅልለው በእጅ ቦርሳዎ ይያዙ፤ ዝዋይ ለምሳ ስትወርዱም ይዘውት ይውረዱ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ምድጃ ነው።

ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን መልሰው ለመክደን አይታገሉ። ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይጣሉት። የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል፣ ደግሞም ቆራሌው የሚፈልገው እሱኑ ነው። ሲሞላ ከድነው በአቅራቢያዎ ላለ ጤና ጣቢያ ወይም ለክሊኒኩ ያስረክቡ።

ነርሷን ግን አያስቀይሟት። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ በዘይት የተበጠበጠ ፕሮጄስትሮን (ማሕፀንን ለፅንሱ የሚያዘጋጅ ሆርሞን) ከታዘዘልዎት እሱ በእርግጥ በቂጥ፣ በላይኛው የውጪ ሩብ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ወፍራም መርፌና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ዘይቱ ብዙ ጊዜ የሰሊጥ ስለሆነ ሰሊጥ የማይስማማዎት ከሆነ ቀድመው ይናገሩ፤ በብልት ውስጥ የሚቀመጥም ዓይነት አለ። ፅንሱ ከተመለሰ በኋላም ቤት ውስጥ በሽንት ለመመርመር አይቸኩሉ። ኦቪትሬል ራሱ የእርግዝና ሆርሞን ነው፤ ከተወጉት በኋላ ለአሥር ቀንና ከዚያም በላይ ሰውነትዎ ውስጥ ስለሚቆይ ሁለቱን መስመር የሚያሳየው መርፌው ሊሆን ይችላል። ለደም ምርመራው የተሰጠዎትን ቀን ይጠብቁ።